በሩ ሲንኳኳ የሚባንን ሰው ቤታችሁ ካለ

ሰላም ናችሁ አንባቢዎቻችን። በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ናቸው። ከእስር የተመለሰ ወንድም፣ ከሊቢያ የመጣ ልጅ፣ ከአርባ ዓመት በላይ በሆድ የተያዘ ቁስል። ሰኔ 19 ስለተቃረበ ይመስለኛል። ቀኑ የማሰቃየት ሰለባዎች በዓለም ዙሪያ የሚታሰቡበት ነው። እኔም ከግርፋት የተረፉ ሰዎች በሚረዱበት ቦታ ለዓመታት በማኅበራዊ ሠራተኝነት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚህ ጉዳይ ሰጠሁት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፤ የጻፈውን ሰው ሊያስለይ የሚችለውንም ነገር አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሰባት ወር ታስሮ ከወጣ አራት ወር ሆነው። ድሮ ቤቱን በሳቅ የሚሞላው እሱ ነበር። አሁን ሌሊት ይቃዣል፣ በሩ ሲንኳኳ ይባንናል፣ መብራት ጠፍቶ መተኛት አይችልም። እግሩን በጣም ያመዋል፣ ግን ሐኪም ቤት መሄድ አይፈልግም። «ምን አደረጉህ?» ስለው ብድግ ብሎ ይወጣል። እናቴ ጸበል ካልወሰድነው ትላለች፣ እኔ ደግሞ ሆስፒታል እላለሁ፣ በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። ምን ላድርግ? — ታላቅ እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «ምን አደረጉህ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። በፍቅር እንደምትጠይቂው አውቃለሁ። ግን እሱ ሰባት ወር ሙሉ የሰማው ይህንኑ ነው። ተናገር፣ አውጣ፣ ለምን ትደብቃለህ። ዛሬ ጥያቄ ሲሰማ ሰውነቱ የሚያስታውሰው ያንን ክፍል ነው፤ ጠያቂዋ እህቱ ብትሆንም። ስለዚህ ዝም ብለሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። ቡና አፍይለት። «መናገር ከፈለግክ አለሁ፤ ባትናገርም አለሁ» በይውና በቃ፣ አትደጋግሚው።

አንድ ቀን ራሱ ሊናገር ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰዓቱ የማይጠበቅ ነው፤ አንቺ ሽንኩርት ስትልጪ፣ ወይ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ። ያን ጊዜ አታቋርጪው። «አይዞህ፣ አለፈ» ብለሽም አትዝጊበት፤ ለእሱ ገና አላለፈም። ቀን ቢያምታታ፣ ትናንት ያለውን ዛሬ በሌላ መልክ ቢናገረው፣ ይዋሻል ብለሽ እንዳታስቢ። ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ትዝታን ይቆራርጡታል። እኔ ካየኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከግርፋቱ ቀጥሎ የጎዳቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ የሚሉት ሰው አለማመኑን ነው።

ጸበልን በተመለከተ፣ እባክሽ ከእናትሽ ጋር አትጣዪ። እሳቸውም ልጃቸውን ለማዳን ነው የሚጥሩት፣ ብዙ ሰውም በእምነቱ ይጽናናል። ጸበሉም ሕክምናውም ይሁን። ግን ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። አንደኛው፣ ሳይፈልግ ተይዞ፣ ተጎትቶ አይወሰድ። በእስር ቤት ፊቱ ላይ ውሃ ተደፍቶበት ወይም ተይዞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከሆነ፣ ሰዎች ይዘውት ቀዝቃዛ ውሃ ሲወርድበት ምን እንደሚሰማው አስቢው። ፈልጎ፣ በራሱ እግር ከሄደ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ መድኃኒት ከጀመረ በጸበሉ ምክንያት አያቋርጥ።

እግሩን የሚያመው ውስጥ እግሩን ተገርፎ ከሆነ፣ ወፌ ላላ የሚባለውን ማለት ነው፣ ሕመሙ በራሱ ላይለቀው ይችላል። ተረከዝ ሥር ያለው ሥጋ ይጎዳል፣ ዓመታት ቆይቶም መራመድ ያስቸግራል። የፊዚዮቴራፒ ሕክምናና ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ብዙ ሰው ረድቷል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደግሞ ለሐኪሙ ቀድመሽ፣ በወንድምሽ ፈቃድ፣ «ታስሮ ተጎድቷል» በይው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ የሕክምና ክፍል ራሱ እስር ቤትን ሊያስታውስ ይችላል። የተዘጋ በር፣ ከላይ የሚያበራ መብራት፣ «ልብስህን አውልቅ» የሚል ድምፅ፣ ደረት ላይ የሚለጠፍ ሽቦ። ሐኪሙ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጉ በፊት ቢነግረውና በሩን ገርበብ ቢያደርግለት ትልቅ ነገር ነው። ያየውን ጠባሳና ጉዳት በካርዱ ላይ በዝርዝር እንዲጽፍም ጠይቁት። ይህ እንዴት እንደሚመዘገብ የሚያስተምር የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ አለ፣ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ይባላል፤ በፈረንጆቹ 1999 ወጥቶ በ2022 ተሻሽሏል። ቁስል ይሽራል፣ ጠባሳ ይደበዝዛል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን ይቆያል። ፎቶም አንሱ፣ ቀኑንም ጻፉበት።

አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ «አበደ ወይ?» ይባላል። አላበደም። መባነኑ፣ ቅዠቱ፣ ከሰው መሸሹ ከዚያ ዓይነት ነገር የወጣ ሰው ላይ የሚታይ ነው፣ ሕክምናም አለው። አማኑኤል ከከበደው ሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አቤቱታ ማቅረብ ከፈለገ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ፣ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ)ም አለ። ግን ውሳኔው የእሱ ይሁን። ሰባት ወር ሙሉ መቼ እንደሚበላ፣ መቼ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሌሎች ሲወስኑለት የቆየ ሰው ነው። አሁን ትንሹንም ነገር ራሱ ይወስን፤ ሽሮ ይሁን ምስር እንኳን።

ጥያቄ፦ ይህ ሰኔ 19 የሚባለው ቀን ከየት መጣ? ደግሞ ቀን መሰየም ለተገረፈ ሰው ምን ያደርግለታል? — የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ማሰቃየትን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1984 ጸደቀ፤ በሥራ ላይ የዋለው ሰኔ 26 ቀን 1987 ነው። በእኛ ሰኔ 19 ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቀኑን የሰለባዎች መታሰቢያ አደረገው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ከስምምነቱ በፊት ያለው ታሪክ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ1972 ማሰቃየት ይቁም የሚል ዘመቻ ሲጀምር በየአገሩ ምስክር የሚሆን ሐኪም ያስፈልግ ነበር። በ1974 ኮፐንሃገን ውስጥ ጥቂት ሐኪሞች ተሰባሰቡ። ከመሪዎቻቸው አንዷ ኢንገ ጌንፍከ የምትባል ዴንማርካዊት ናት። ከስቃይ ያመለጡ ስደተኞችን እየመረመሩ ምን ምን ጉዳት እንደሚቀር መመዝገብ ጀመሩ። ያን ጊዜ ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አልነበረም፤ ከሰዎቹ እየሰሙ ነው የተማሩት። በ1982 እነዚህን ሰዎች ብቻ የሚያክም ማዕከል እዚያው ተከፈተ። ዛሬ በብዙ አገር እንዲህ ዓይነት ማዕከል አለ፣ የእኛ ሰዎችም በዋሽንግተንና በለንደን ይታከሙባቸዋል።

ምን ያደርግለታል ላልከው፣ የስምምነቱን አንቀጽ 14 አንብበው። የተሰቃየ ሰው ካሣና የተቻለውን ያህል የተሟላ ማገገሚያ እንዲያገኝ መንግሥት ግዴታ አለበት ይላል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ለወንድማችን ሕክምና ስንጠይቅ የምንጠይቀው ምፅዋት አይደለም። ከዚያ በኋላ የመጣ ተጨማሪ ስምምነት ደግሞ አለ፤ ገለልተኛ መርማሪዎች ሳያስታውቁ እስር ቤት ገብተው እንዲያዩ የሚፈቅድ። ይህኛውን አገራችን ሳትቀበለው ብዙ ዓመት አልፏል። ሰኔ 19 ቀን ዩኒቨርሲቲያችሁ ውስጥ ውይይት ካዘጋጃችሁ ይህንን አንሱት። ሳይታሰብ የሚከፈት በር ያለበት እስር ቤት ውስጥ ሰው መግረፍ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ሱቅ ተዘርፎ ፖሊስ አንድ ልጅ ያዘ። ሠፈሩ በሙሉ «ካልተገረፈ አያወጣም» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እንደዚያው ነው የማስበው። ሌባ ነው እኮ! — ነጋዴ፣ ከአዳማ

መልስ፦ እውነቱን ስለተናገርክ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው፣ ደፍሮ አይጽፈውም እንጂ። የወንድምህ ሀብት መዘረፉም ያሳዝነኛል። ግን «ሌባ ነው» ያልከውን እስኪ ቆም ብለህ እየው። ገና የተያዘ ልጅ ነው። ሌባ መሆኑን ያወቅከው በምንድን ነው?

ሰው ሲገረፍ የሚናገረው ሕመሙን የሚያቆምለትን ነገር ነው። የጠፋው ቴሌቪዥን የት እንዳለ ካወቀ ይናገራል፣ ካላወቀ ደግሞ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው ስም ይጠራል። የጎረቤቱን ልጅ፣ የአጎቱን ልጅ፣ አፉ ላይ የመጣለትን። ከዚያ ያም ይያዛል፣ ያም ይገረፋል። አንድ ሰው ነግሮኛል፤ ሦስተኛው ሌሊት ላይ የገዛ ጓደኛውን ስም ሰጠ። ጓደኛው ከነገሩ ምንም የለበትም። ግርፋቱ ከለቀቀው ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ያ ስም ግን አልለቀቀውም። በዚህ ሁሉ መሀል ሱቁን የዘረፈው ሰው ሌላ ሱቅ እየዘረፈ ነው፣ ምክንያቱም ፖሊስ መፈለጉን አቁሟል። «አምኗል» ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ።

ሕጉንም ልንገርህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ ጭካኔ የተሞላበት አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ እንዲያምን እንዳይገደድ፣ ተገድዶ የሰጠው ቃልም ማስረጃ እንዳይሆን ያዛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ደግሞ ተጠርጣሪን የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ስለዚህ ያ ልጅ ከተገረፈ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ላይ ሊፈርስ ይችላል፣ ወንድምህም ንብረቱንም ፍትሑንም አጣ ማለት ነው።

ማዕከላዊን ታስታውሳለህ አይደል? ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ፣ በደርግ፣ በኢሕአዴግም ሰው የተመረመረበት ግቢ ነው። እስረኞቹ ራሳቸው ለክፍሎቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ ጨለማ ቤት፣ ጣውላ ቤት፣ ከሁሉ የተሻለው ደግሞ ሸራተን። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2013 በፈረንጆቹ ባወጣው ዘገባ እዚያ የነበሩ ሰዎች እንዴት እየተገረፉ እንዲያምኑ እንደተደረገ ዘርዝሯል። በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቆመው መግረፍና ጨለማ ቤት ማሰር ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅደው፣ በመንግሥት የተፈጸመ ድርጊት እንደሆነ ተናገሩ። በሦስት መንግሥት የተገረፈው ሰው ሁሉ ሲገባ «ወንጀለኛ ነው እኮ» ተብሎ ነው። አንተ ለዚያ ልጅ ያልከውን ማለት ነው። ወንድሜ፣ ጣቢያ ሂድና አሻራ ተነሥቷል ወይ፣ የጎረቤት ካሜራ ታይቷል ወይ፣ ምስክር ተጠይቋል ወይ ብለህ ጠይቅ። ያ መብትህ ነው፣ ንብረቱንም ሊያስገኝ የሚችለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘመድ ቤት ምሳ ተጋብዘን ከማዶ የተቀመጠ ሰውዬ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ጉርሻዬ ከእጄ ወደቀ። በ1970 ዓ.ም. ከፍተኛ (በደርግ ጊዜ ከቀበሌ በላይ የነበረው አስተዳደር) ውስጥ ታስሬ ስመረመር የሰማሁት ድምፅ ነው። ዓይኔን በጨርቅ አስረውኝ ስለነበር ፊቱን እርግጠኛ አይደለሁም። ለባለቤቴ ስነግረው «ሆድ ይፍጀው፣ አሁን አርጅተናል» አለኝ። — የልጅ ልጅ ያየሁ እናት

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ምሳ እንዴት ጨርሰው እንደወጡ እንጃ።

አትላንታ ላይ የሆነውን ሰምተው ይሆናል፤ ካልሰሙ ልንገርዎ። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ እጅጋየሁ ታዬ አትላንታ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። እዚያው ሆቴል ሻንጣ የሚሸከም አንድ ሐበሻ አየች። ቀልቤሳ ነገዎ ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር። እሷን ራሷን ያስገረፈ ሰው። ዝም አላለችም። አብረዋት የታሰሩትን፣ በሌላ ከተማና በካናዳ የሚኖሩትን፣ ኤልሳቤጥ ደምሴንና ሕሩት አበበ ጅሪን ነገረቻቸው። መጥተው እሱ መሆኑን አረጋገጡ። ሦስቱ ሴቶች በ1990 ክስ መሠረቱ። የተጠቀሙበት ሕግ በ1789 የወጣ፣ የውጭ ዜጋ በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲከስ የሚፈቅድ አሮጌ ሕግ ነው። በ1993 ዳኛው ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፣ በ1996 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው።

ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። እነሱ እየተሟገቱ ሳለ፣ በ1995፣ ሰውዬው የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠው። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሴቶቹ ግን አልተዉትም። በ2004 ዜግነቱን አጣ፣ በ2005 ተያዘ፣ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። እዚያ በሌለበት በ2002 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት ይጠብቀው ነበር። ከክሱ እስከ መባረሩ 16 ዓመት። ሕሩት በኋላ የቀይ ሽብርን ሰነዶች የሚሰበስብ ማዕከል አቋቋመች።

ሌሎችም አሉ። ዴንቨር አካባቢ በሌላ ሰው ስም ይኖር የነበረ የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የድሮ እስረኞች ለይተውት በ2014 በ22 ዓመት እስራት ተቀጣ፤ ክሱ በሐሰት ስምና መረጃ የአሜሪካ ዜግነት ማግኘቱ ነበር። በሄግ ደግሞ እሸቱ ዓለሙ በጎጃም ለፈጸመው በታኅሣሥ 2017 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል፣ ይግባኙም በ2022 ውድቅ ሆኗል። አርባ ዓመት ያህል አልፎት ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 28 ላይ ማሰቃየትን ጨምሮ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ይርጋ እንደማያግዳቸው፣ በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ይናገራል።

አሁን ስለ እርስዎ። ድምፅ ያሳስታል፣ ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ ያልሠራ ሰው ስም እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለብን። ስለዚህ ሰውዬውን አይቅረቡት፣ ዘመድዎንም አድራሻውን አይጠይቁ፣ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ እንዳይወጣ። ዛሬ ማታ ግን ደብተር ያውጡና የሚያስታውሱትን ይጻፉ። የታሰሩበት ቀበሌና ከፍተኛ፣ ወሩ፣ አብረው የታሰሩት እነማን እንደነበሩ፣ ድምፁ ምን ምን እንዳለ፣ አነጋገሩ ምን የተለየ ነገር እንደነበረው። ከዚያ ጠበቃ ያናግሩ። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የፍትሕና የተጠያቂነት ማዕከል የሚባለው ድርጅት እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን ይዞ የሚሟገት ነው። የአሜሪካ ኢሚግሬሽንም የሰብአዊ መብት ጣሾችን የሚከታተል ክፍል አለው። ዋሽንግተን ውስጥ ደግሞ ራሳቸው ከስቃይ የተረፉ ሰዎች በፈረንጆቹ 1998 ያቋቋሙት ታስክ የሚባል ድርጅት አለ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይረዳሉ።

ባለቤትዎ ክፉ አስበው አይመስለኝም «ሆድ ይፍጀው» ያሉት። እርስዎን ዳግም ሲያለቅሱ ማየት ፈርተው ነው። ግን ሆድዎ አርባ ምናምን ዓመት ሲፈጀው ኖሯል፤ ጉርሻው ከእጅዎ የወደቀው ለዚህ ነው። ክስ መመሥረት የለብዎትም፣ ማንም ሊያስገድድዎ አይችልም። ለአንድ ሰው፣ ለሚያምኑት ሰው፣ ሙሉውን ቢነግሩት ግን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የጥገኝነት ማመልከቻዬ ውስጥ ያልጻፍኩት ነገር አለ። እስር ቤት ውስጥ ተደፍሬያለሁ። አስተርጓሚው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ስለሆነ አፌን መክፈት አቃተኝ። — ስሜ ይቅር

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺ ያጠፋሽው ምንም ነገር የለም። ነውሩ የአድራጊው ነው።

ጊዜ የለንም፣ ቶሎ ልናገር። ማመልከቻሽ ገና ካልቀረበ፣ አሜሪካ ውስጥ የጥገኝነት ማመልከቻ አገሩ ከገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለጠበቃሽ «ያልነገርኩህ ነገር አለ፣ በሌላ አስተርጓሚ መናገር እፈልጋለሁ» በዪ። ምክንያቱን መዘርዘር የለብሽም። ሴት አስተርጓሚ፣ ከሌላ ስቴት በስልክ የምታስተረጉም፣ አንቺን የማታውቅ ይፈለግልሽ። የምትጠይቅሽ መኮንንም ሴት እንድትሆን መጠየቅ ትችያለሽ። መናገር ካቃተሽ በአማርኛ ጽፈሽ ስጫት። ማመልከቻሽ ቀድሞ ቀርቦ ከሆነም እሱ ላይ መጨመርና ማረም ይቻላል፤ ለምን አሁን እንደተናገርሽም ሐኪም በሪፖርቱ ሊያስረዳልሽ ይችላል። ዓመቱ አልፎብሻል ለምትሉ ሌሎች አንባቢዎችም፣ ተስፋ አትቁረጡ። ከባድ ሕመም ለመዘግየት ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፣ በማሰቃየት ስምምነቱ መሠረት የሚጠየቀው ከለላ ደግሞ የአንድ ዓመት ገደብ የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ሊቢያ ታግቶ በስልክ ጩኸቱን አሰሙኝ። ቤቴን ሸጬ፣ ዕድር ተበድሬ ከፈልኩ። አሁን መጥቷል፣ ግን ልጄ አይደለም የመጣው ያሰኛል። ቀና ብሎ አያየኝም። ይህም ማሰቃየት ይባላል? — እናት፣ ከወሎ

መልስ፦ እናቴ፣ አዎ። በሕግ ቋንቋ ዓለም አቀፉ ስምምነት የመንግሥት ሰው እጅ ወይም ዝምታ እንዲኖርበት ይፈልጋል፤ በሊቢያም እሱ ያለበት ጊዜ ብዙ ነው። ለልጅዎ ሰውነት ግን የገረፈው ደላላ ይሁን ወታደር ልዩነት የለውም፣ ሕክምናውም አንድ ነው። በእርስዎም ላይ የተፈጸመ ነገር ነው። የልጅን ጩኸት እናት ጆሮ ላይ መልቀቅ ራሱን የቻለ ጭካኔ ነው። እርስዎም ይታከሙ።

ቀና ብሎ የማያይዎ የሚያፍር ስለሆነ ነው። ቤቱ በእኔ ምክንያት ተሸጠ ብሎ ያስባል። እሱ ባለበት ስለ ብሩ፣ ስለ ዕዳው፣ ማን ስንት እንዳዋጣ አይወራ። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣም አስቀድመው ይንገሯቸው። አንድ ቀን ደግሞ፣ ሰው በሌለበት፣ «ቤቱን የሸጡት እነሱ ናቸው፣ አንተ አይደለህም» ይበሉት።

ይህንንም ይንገሩት። በባኒ ዋሊድ ስደተኞችን ያሰቃይ ነበር የተባለው ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2020 በፈረንጆቹ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የተያዘው፣ በእጁ ያለፈ አንድ ልጅ ለይቶት ነው። ከፍርድ ቤት አምልጦ ነበር፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ በጥር 2023 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ያ ልጅ ሲለየው ምን ያህል እንደተንቀጠቀጠ መገመት እችላለሁ። ግን ፖሊስ ጠራ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በ1970 ዓ.ም. ታስሬ ወፌ ላላ ተገርፌያለሁ። አብረውኝ ከነበሩት ስድስቱ ሌሊት ተጠርተው ወጡ፣ አልተመለሱም። ልጆቼ ጻፍ ይሉኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጽሑፍም አልችልበትም። ማንስ ያነበዋል? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጋሼ፣ ይጻፉ። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ የልጅዎን ስልክ ያስቀምጡና እየተናገሩ ይቅረጹት፣ ልጆቹ ይገለብጡታል። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተል ካልመጣልዎ አይጨነቁ። የሚከብድዎት ቦታ ሲደርሱ ያቁሙ፣ በሌላ ቀን ይመለሱበታል። ብቻዎን ሆነው ሌሊት አይጻፉት፤ ቀን፣ ሰው ቤት ውስጥ እያለ ይሁን።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ጎብኚ የሚያስጎበኙት ሰዎች ራሳቸው ከዚያ እስር የተረፉ ነበሩ። ግድግዳው ላይ ካሉት ፎቶዎች ፊት ቆመው «ይህ ጓደኛዬ ነበር» ይሉ ነበር። እነሱም ያረጃሉ።

ከየት ልጀምር ካሉኝ፣ ከግርፋቱ አይጀምሩ። ከስድስቱ ይጀምሩ። የእያንዳንዳቸውን ስም ከነአባት፣ የየት አገር ልጅ እንደነበሩ፣ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ የተጠሩበትን ሌሊት፣ ምን ለብሰው እንደወጡ፣ ለእርስዎ የሰጡት ዕቃ ወይም አደራ ካለ እሱንም። እህት ወንድሞቻቸው በሕይወት ይኖራሉ፣ እስከ ዛሬ በየትኛው ቀን ተዝካር እንደሚያወጡላቸው አያውቁ ይሆናል።